ወራጅ አለ

በደሴ ከተማ ለወላጆችና ለአጸደ ሕፃናት መምህራን ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አረፈዳችሁ። ሀረጎን በጭጋግ ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ፣ እንኳን በደኅና ገባችሁ።

ስለ ኦቲዝም እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ሐኪም አይደለሁም፤ 19 ዓመት ምንጣፍ ላይ ከልጆች ጋር የተቀመጥኩ የአጸደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። የጠሩኝ ሰዎች ግን «ሐኪሙ የሐኪሙን ይናገራል፤ አንቺ ስለ ልጁ ንገሪን» አሉኝ። ስለ ልጁ ከሆነ እሺ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ልጅ የጻፍኩበት ደብተር አለኝ። ሽፋኑ ተቀድዷል፣ ሻይ ፈስሶበታል፤ ይኸው ይዤው መጥቻለሁ።

የልጁን ስም አልጠራም። እናቱ ታሪኩን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሙ ግን የራሱ ነው። ባለ ቆርኪው እለዋለሁ። ክፍሌ ሲገባ 4 ዓመት ከ2 ወሩ ነበር። በቀኝ እጁ አራት የለስላሳ ቆርኪዎች ጨብጦ መጣ። ሲበላም ሲተኛም አይለቃቸውም።

መስከረም እንዴት እንደሆነ የሙያ አጋሮቼ ታውቃላችሁ። 43 ልጅ በአንድ ክፍል፤ ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ የእናቱን ነጠላ ይዞ አይለቅም። ባለ ቆርኪው አላለቀሰም። እናቱ ስትወጣ ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። ሞግዚታችን «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» አለች፤ እኔም እንደዚያው መሰለኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው የፊደል ገበታ ሄደና ከሀ እስከ ፖ አንድም ሳይስት ቆጠረው። 33 በ7፣ 231 ፊደል። ሌላው ልጅ ሀን ከለ ለመለየት እስከ ጥር ይወስድበታል። ርዕሰ መምህርቷን ጠራን፣ ዘበኛው ሳይቀሩ መጡ፣ ዳግመኛ አስቆጠርነው። «ይህ ልጅ ሊቅ ነው» ተባለ።

በዚያው ዕለት ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ከውሃው ጀሪካን አጠገብ ቆሞ ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ሲያጋጭ አገኘሁት። ተጠምቶ ነበር። 231 ፊደል የሚቆጥር ልጅ «ውሃ» የምትባለዋን ባለ ሁለት ፊደል ቃል ለሰው ማለት አልቻለም። ቃሉን አላጣውም፤ ውሃ ሲያይ ውሃ ይላል። ቃል ወደ ሰው ሲላክ ነገር ይዞ እንደሚመለስ ነው የማያውቀው።

ዛሬ የምነግራችሁ በፊደል ገበታውና በጀሪካኑ መካከል ስላለችው አምስት እርምጃ ነው። እሷን ለመሄድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል።

ኦቲዝም ምንድን ነው ለሚለው አጭሩን ልበል። አንጎል ገና ከማኅፀን ጀምሮ የሚያድግበት መንገድ የተለየ መሆን ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ይታያሉ። አንዱ ከሰው ጋር መግባባትና መቀራረብ ማስቸገሩ ነው። ሌላው መደጋገም፣ አንድ ነገር ላይ መጣበቅ፣ ለውጥን አለመውደድ፣ ድምፅና ብርሃን፣ ሽታና ንክኪ ከሌላው ሰው በበለጠ ወይም ባነሰ መሰማቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለ2021 ባወጣው ግምት ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም አለው። እንግዲህ 250 ልጅ ያለበት አጸደ ሕፃናት ያላችሁ፣ አስቡት። በሐኪም የሚለዩት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ግን «ዝምተኛ ናት፣ ጨዋ ናት» እየተባሉ የሚያልፉ ይመስለኛል፤ በተለይ ጨዋነትና ዝምታ አንድ በሆኑበት በእኛ አገር።

እናቶች ስለሚከሰሱበት ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እንደ ፈረንጆች በ1943 አሜሪካ ውስጥ ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ካስተዋወቀ በኋላ፣ ጥፋቱ ለብዙ ዓመት «ፍቅር የነፈገች» በተባለች እናት ላይ ተለጥፎ ኖሯል። ሳይንሱ ይህን ከጣለው ቆይቷል። ዋናው ምክንያት በዘር የሚወረሰውና በጽንስ ዘመን የሚሆነው እንደሆነ ዛሬ ይታወቃል። የእኛ ሰፈር ግን ክሱን ልብስ እየለወጠ ያመላልሰዋል፤ «በእርግዝናዋ ደንግጣ ነው»፣ «ስልክ ሰጥታ አበላሸችው»፣ «ክትባቱ ነው»። ክትባቱን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘው እንደ ፈረንጆች በ1998 በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ የወጣ አንድ ጽሑፍ ነው። ያሳተመው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል፤ ዋናው ጸሐፊም በዚያው ዓመት የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። ልጆቻችሁን ኩፍኝ አስከትቡ። ስልክም ኦቲዝም አያመጣም። ልጁ ከሰው ጋር ሊጫወትበት የሚገባውን ሰዓት ግን ይበላል፤ ያ ደግሞ ለማንኛውም ልጅ ኪሳራ ነው።

አንዲት ቃላችንንም ልማ። አብሽር። የምወዳት ቃል ናት፤ ስንቱን ክፉ ቀን በእሷ ተሻግረናል። ነገር ግን የባለ ቆርኪው እናት ልጇ በ1 ዓመት ከ8 ወሩ ይላቸው የነበሩትን አምስት ስድስት ቃላት አንድ በአንድ ሲተው፣ ስሙን ስትጠራው አልዞር ሲል፣ ያማከረቻቸው ሁሉ «አብሽሪ» አሏት። «አባቱም አፉን የፈታው በአምስት ዓመቱ ነው።» «ወንድ ልጅ ይዘገያል።» ሁለት ዓመት በአብሽሪ አለፈ። የጠረጠሩት አያቱ ብቻ ነበሩ። ቡና ሲያፈሉ ልጁን አስተውለውት «ይህ ልጅ ጭሱን ያያል፣ ሲኒውን ያያል፣ የሚያቀብለውን ሰው ግን አያይም» አሉ። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ የሥልጠና ወረቀት አንብቤያለሁ፤ ከዚህች የተሻለች አገላለጽ አላገኘሁም።

ስለዚህ በ1 ዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ1 ዓመት ተኩሉ በጣቱ የማያመለክት፣ ወይም የነበረውን ቃል የሚተው ልጅ ሳይውል ሳያድር ይታይ። መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር፤ መስማት የተሳነውም ልጅ ስሙ ሲጠራ አይዞርምና። ባለ ቆርኪው 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ነው የችግሩ ስም የተነገረው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በአንድ በኩል ጠበል፣ በሌላ በኩል ዱአ ተደርጎለታል፤ የወሎ ቤተሰብ ነውና ሁለቱም ወገን አለው። እኔ በዚህ አልጣላም። የምጣላው ልጅ ሲታሰር፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ፣ ደግሞም «ኦቲዝምን የሚነቅል መድኃኒት አለኝ» የሚል ሰው የድሃ እናት ገንዘብ ሲቀበል ነው። ኦቲዝምን የሚነቅል መድኃኒት የለም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር።

ሦስት ወር ሙሉ ቆርኪዎቹን ላስጥለው ታገልኩ። «እጁ ካልተፈታ እርሳስ አይዝም» የሚል ነበር ክርክሬ። ጠዋት እነጥቀዋለሁ፣ ይጮኻል፣ ግማሽ ሰዓት መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ክፍሉ በሙሉ ይረበሻል። አንድ ቀን እጄን ነከሰኝ። ሌላ ቀን አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ ነከሰ፤ ወላጆች ተሰብስበው «ይውጣልን» አሉ። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ካርዱ ላይ፣ ጠባይ ከሚለው አንጻር «መሻሻል አለበት» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማን መሻሻል እንደነበረበት ዛሬ አውቃለሁ።

ያዳኑኝ ዘበኛችን ናቸው። ደወላችን ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ ጦሳ ተራራ ድረስ የሚሰማ ይመስላል። ባለ ቆርኪው ከመደወሉ ሁለት ደቂቃ ቀደም ብሎ ጆሮውን ይይዛል። ሰዓት የማያነብ ልጅ ሰዓቱን ያውቀዋል። ዘበኛው ይህን ከሩቅ ሲያዩ ኖረው፣ አንድ ቀን ብረቱን ለልጁ አቀበሉት። መታው። ጆሮውን አልያዘም። ደግሞ መታው፤ ሳቀ። «ሰው ሲመታው ነው የሚያስደነግጠው፤ ራሱ ከመታው የራሱ ነው» አሉኝ። ሳይጠየቅ የሚመጣበት ነገር ሁሉ፣ ድምፁ፣ የሰው እጅ፣ የእኔ ቆርኪ መንጠቅ ጭምር፣ ቸርኬ ሆኖበት እንደኖረ ያን ቀን ገባኝ።

በማግሥቱ ሱቅ ሄጄ ቆርኪ ለመንኩ። ሃያ ያህል ሰጡኝ። ከአጠገቡ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ እሱ እንደሚደረድረው መደርደር ጀመርኩ። አላናገርኩትም፣ አልነካሁትም። በሦስተኛው ቀን የእኔን ሰልፍ አየ። አንዱ ቆርኪ ተገልብጦ ነበር፤ አቃናልኝ። ደብተሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የመጀመሪያው መስመር «ታኅሣሥ 11። ቆርኪዬን አቃናልኝ» ይላል።

ጥቂት መስመሮች ላንብብላችሁ። «ታኅሣሥ 26። ሳልጠራው መጥቶ ከአጠገቤ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ሰጥቶ።» «ጥር 3። ሙዝ ነካ፣ አሸተተ፣ ወረወረ።» እስከዚያ ቀን ከደረቅ ዳቦና ከነጭ ሩዝ በቀር ምንም አይነካም ነበርና መወርወሩም ለእኔ ዜና ነው። «የካቲት 2። እጄን ይዞ ወደ ጀሪካኑ ወሰደኝ። ዓይኑ ግን ጀሪካኑ ላይ ነው።» ይህችን ልብ በሉ። ልጁ እኔን አልጠየቀኝም፤ እጄን ነው የተጠቀመው፣ ሰው ማንኪያ እንደሚያነሣ። ቢሆንም ከታኅሣሥ በፊት እጄ የሚያስፈራ ነገር ነበር። ማንኪያ መሆን ዕድገት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያስቸገረን ደግነት ነው። ሞግዚታችን ልበ ሩኅሩኅ ሴት ናት። ፊቱ ሲጨልም ውሃ ታመጣለች፣ ሲነጫነጭ ዳቦ ትቆርሳለች፣ ጫማው ሳይፈታ ታስራለች። ልጁ መጠየቅ ያስፈለገው ጊዜ አልነበረም። ቤትም እንደዚሁ ነበር፤ አያቱ ዓይኑን አይተው ያውቁታል። ተነጋግረን ተስማማን። ኮዳው ከሚያየው ግን ከማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ ዳቦው ትንሽ ተቆርሶ ይሰጠውና የቀረው በእጃችን ይቆይ። ከዚያ በእሱ ቁመት በርከክ ብሎ፣ ምንም ሳይሉ፣ በልብ እስከ 10 መቁጠር። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሞክሩት፤ ዝም ብሎ እስከ 10 መቁጠር ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ታያላችሁ። እኛ መምህራን ጠይቀን መልሱንም ራሳችን እንናገራለን፤ ሦስት እንኳ አንቆጥርም።

ከብስኩት ካርቶን አራት ካርዶች ቆርጬ ሥዕል ሣልኩባቸው፤ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ቤት፣ በቃ። የሥዕል ችሎታዬን እናቱ ትመስክር፤ ሽንት ቤቱን ቤተ ክርስቲያን ነው ብላኛለች። «በሥዕል ከለመደ መናገሩን ይተዋል» የሚል ፍርሃት ነበራት፤ ብዙ ወላጅ ይህን ይፈራል። በጥናትም የታየው በሥዕል መግባባት ንግግርን እንደማያደናቅፍ ነው፤ ለአንዳንዱም በር ይከፍትለታል። በየካቲት መጨረሻ የውሃዋን ካርድ አንሥቶ መጣና መዳፌ ላይ አኖራት። ጀሪካኑ ላይ አላኖራትም፣ መዳፌ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሚኒባሱ። አባቱ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሹፌር ነው፤ ልጁም እሁድ እሁድ አብሮት ይሄዳል። ክፍል ውስጥ በድንገት «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፤ የረዳቱ ድምፅ ቁርጥ ራሱን። ልጆቹ ይስቃሉ፤ እኔም ባዶ ድግግሞሽ መስሎኝ «ዝም በል» እለው ነበር። በኋላ እንደተማርኩት፣ ኦቲዝም ካላቸው ልጆች አንዳንዶቹ ንግግርን ቃል በቃል እየለቀሙ አያከማቹም። እንደተሰፋ ልብስ ሙሉውን አንሥተው ይወስዱታል፤ ሙሉው አባባል ለእነሱ አንድ ቃል ነው። መቼ መቼ እንደሚለው መጻፍ ያዝኩ። ከ14 ጊዜ 11ዱ ከምሳ በኋላ፣ የመውጫ ሰዓት ሲቃረብ ሆኖ ተገኘ። ልጁ «ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ» እያለኝ ነው እኔ ዝም በል የምለው።

ሲጠማው ደግሞ «ውሃ ትፈልጋለህ?» ይል ጀመር። እናቱ እንዲህ ባለች ቁጥር ውሃ ይመጣል፤ ስለዚህ ውሃ የሚያመጣው ዐረፍተ ነገር ይህ ነው። አማርኛችን ሰውን በግሱ ውስጥ ሸሽጎ ስለሚይዝ ነገሩ ይብስበታል። ሰው ይስቅበታል፤ ወይም «እፈልጋለሁ በል!» ብሎ ይቆጣዋል። «እፈልጋለሁ በል» ብትሉት እሱም «እፈልጋለሁ በል» ብሎ ይመልስላችኋል፤ ጥፋቱ የእናንተ ነው። እኔ ብርጭቆውን ይዤ፣ ከጎኑ ሆኜ፣ በእሱ ፈንታ «ውሃ እፈልጋለሁ» እልና እሰጠዋለሁ። አላርመውም። በቀን አሥር ጊዜ፣ በወር ስንት መቶ ጊዜ። አሰልቺ ነው፤ አልዋሽም።

በሚያዝያ ለወላጆች ቀን ልምምድ ነበረን። ድምፅ ማጉያው ተከፈተ፣ 100 የሚሆን ልጅ አጨበጨበ። ቀድሞ ቢሆን ይነክሳል፣ ወይም ግድግዳ ይፈልጋል። ባለ ቆርኪው ጆሮውን ይዞ በሩን እያየ በሙሉ ድምፁ «ወራጅ አለ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እጁን ይዤ ወጣሁ። መኪናው ቆመለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍላችን «ወራጅ አለ» ሕግ ሆነ። ባለው ጊዜ ሁሉ ይወጣል፣ ዘበኛው ዘንድ አምስት ደቂቃ ይቀመጣል፣ ይመለሳል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «እያመካኘ መውጣት ይለምዳል» አለች። አልተሳሳተችም፤ በሁለተኛው ቀን 17 ጊዜ ወረደ። ሁሉንም አከበርኩለት። ቃሉ እንደሚሠራ አንዴ ከታመነው በኋላ በየደቂቃው መሞከር አላስፈለገውም፤ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሁለት ሦስት ጊዜ ወረደ። በሳምንት አራት አምስት ጊዜ የነበረው መንከስ በወር አንድ ሆነ። ልጅ የሚነክሰው «በቃኝ» የሚልበት ሌላ መንገድ ሲያጣ ነው፤ ይህን ለማወቅ ጠባሳ አትርፌያለሁ።

የሚቀጥለውን ያደረግኩት እኔ አይደለሁም። በጥቅምት የነከሳት ልጅ፣ ያቺው ራሷ፣ ወንበሮችን በሁለት በሁለት ደርድራ ሚኒባስ ሠራች። መሪ የሆነ የምሳ ዕቃ ክዳን ይዛ ከፊት ተቀመጠችና «አንተ ረዳት ነህ» አለችው። ማንም አላሠለጠናትም፤ የሚችለውን አየችና ሥራ ሰጠችው። እሱም በር ላይ ቆሞ «ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው የቀረው» አለ፤ ልጆቹም ተሽቀዳድመው ገቡ። በሳምንቱ የክፍሉ ትልቁ ጨዋታ ይኸው ሆነ። ሂሳብ የሚከፈለው በምን እንደሆነ ገምቱ። በቆርኪ። ደብተሬ «ግንቦት 6። ለሦስት ልጆች መልስ ሰጠ» ይላል። ሦስት ወር ታግዬ ያልፈታሁትን ጡጫ፣ ለተሳፋሪ መልስ ለመስጠት ብሎ ራሱ ፈታው።

ግንቦት 22 ላይ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት መስመር አለ። በመስኮቱ በኩል ገልባጭ መኪና ሲያልፍ ባለ ቆርኪው ጣቱን ቀሰረ፤ ቀስሮም ዞር ብሎ ዓይኔን አየ፤ ደግሞ መኪናውን፣ ደግሞ እኔን። ጣት መቀሰር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ስጪኝ» ነው፣ ሌላው «እይልኝ»። ሁለተኛው ምንም አይጠይቅም፤ ያየሁትን አብረሽኝ እይ ከማለት በቀር። አብዛኛው ሕፃን አንድ ዓመት ገደማ ላይ ያደርገዋል፣ ማንም ልብ አይለውም፤ ኦቲዝም ያለው ልጅ ዘንድ ግን ዘግይቶ ወይም በጥቂቱ የሚመጣው ይኸኛው ነው። እሱ ያደረገው አምስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ለእናቱ ነገርኳት። «መኪናውን ፈልጎት ነው?» አለችኝ። «አይ፤ እንዳየው ብሎ ነው» አልኳት። ከአጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ክረምት መጣ። በመስከረም ሲመለስ ካርድ የለ፣ ወራጅ የለ፣ ሽንቱንም ልብሱ ላይ መሽናት ጀምሮ ነበር። ሁለት ወር ሥርዓቱ ሁሉ ተለዋውጦበታል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ውሎ ሲያድር እንቅልፍ አጥቶ ከርሟል። እናቱ «ሁሉም ጠፋ» ብላ አለቀሰች፤ እኔም ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ያጽናናን አባቱ ነው። «መምህርት፣ ሀረጎን ስወጣ ፊቴ ወደ ኮምቦልቻ የሚዞርበት እጥፋት አለ። ከታች ቆሞ የሚያይ ሰው ተመለሰ ይለኛል፤ መኪናው ግን እየወጣ ነው» አለኝ። የመጀመሪያውን የተማረው በስምንት ወር ነበር፤ የጠፋበትን እስከ ኅዳር አጋማሽ መልሶ አገኘው።

ሁለተኛውን ዓመት በፍጥነት ልለፍ፤ አብዛኛው ድግግሞሽ ነው። ሽንት ቤት በራሱ ሄደ። ሽሮ በላ፤ እንጀራውን ግን እስከ ዛሬ አይነካም፣ ዓይኑን አይወደውም መሰለኝ። ተራ መጠበቅ ተማረ፤ ተራው የማን እንደሆነ ለማሳየት አንዲት ቀይ ቆርኪ ከእጅ እጅ እናዞር ነበር። «አልፈልግም» ማለት ጀመረ፤ ወላጆች ይህን እንደ መባለግ አትዩት፣ አሳልፌ የማልሰጠው ቃል ነው። አንዲት ነገር ላይ ግን ልቁም።

ለወራት «ውሃ ስጠኝ» ይለኝ ነበር፤ ከአባቱ የለመዳት ናት። ለእኔም፣ ለሞግዚቷም፣ ለእናቱም «ስጠኝ»። አላረምነውም፤ ጠይቋል፣ ተሰጥቶታል። በየካቲት፣ ሐሙስ ቀን፣ እጄ ላይ ጠመኔ ይዤ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ሳለሁ ቀሚሴን ጎተተና «ውሃ ስጪኝ» አለ። ያገሬ ሰዎች፣ ይህችን ቃል ቀን ከሌት እየተናገርናት አንሰማትም። «ስጪኝ» ውስጥ የሚቀበል እሱ አለ፣ የምሰጥ እኔ አለሁ፣ ሴት መሆኔም አለ። አያቱ «የሚያቀብለውን ሰው አያይም» ያሉት ልጅ፣ የሚያቀብለውን ሰው አይቶ በአንዲት ቃል ውስጥ አስቀመጠው። ውሃውን ስቀዳለት ግማሹን መሬት ላይ አፈሰስኩት።

ሰኔ ላይ ካርድ መሙላት ነበረብኝ። ፎርሙ ፊደል መለየት፣ ቁጥር መቁጠር፣ ቀለም፣ ንጽሕና፣ ጠባይ ይላል። ፊደል መለየት የሚለው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሲገባ 231፣ ሲወጣ 231። በካርዱ ከተለካ ይህ ልጅ በሁለት ዓመት አንዲት ጋት አላደገም። ከደብተሬ ሦስት ገጽ ገልብጬ ከካርዱ ጋር ሰፋሁት። ርዕሰ መምህርቷ «ይህ ለማን ነው?» አለችኝ። «ለሚቀጥለው መምህር» አልኳት። የሙያ አጋሮቼ፣ እናንተም ካርዱን ሙሉ፤ መሙላት ግዴታችን ነው። ግን አንድ ቀጭን ደብተር ያዙ፤ ዕለቱን፣ ልጁ ምን እንዳደረገ፣ ወደ ማን እንዳደረገው። ከጓደኛው ጋር አታስተያዩት፤ ከራሱ ከትናንቱ ጋር ብቻ።

«ብቻችንን ነን» ለምትሉ ወላጆች፣ ይህ መንገድ በአገራችን የተጀመረው በእናቶች ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ ነው እንደ ፈረንጆች በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ የዕድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት ያለው፣ በኢትዮጵያም የተሞከረ። የሚያስተምረው ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ እንዴት አብሮ መጫወት፣ እንዴት መጠበቅ፣ ልብስ ማጠቡንና ቡና ማፍላቱን እንዴት የመግባቢያ ሰዓት ማድረግ እንደሚቻል ነው። እዚህም እንዲመጣ መጠየቅ የእናንተ ድርሻ ነው፤ መምህር ብቻውን ሲጠይቅ ማን ይሰማዋል?

ባለ ቆርኪው ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ነው። አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። በክፍሉ ከ60 በላይ ልጅ አለ፣ «ወራጅ አለ» ሲል መምህሩ እየቀለደ መስሎት ሁለት ጊዜ ቀጥቶታል። ባለፈው ሳምንት ደብተሬን ይዤ ሄጄ ነበር። መምህሩ ወጣት ነው፣ አልተቆጣኝም፤ ሦስት ገጽ አነበበና «ከበር አጠገብ ላስቀምጠው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አስቀምጠው አልኩት። እንዴት እንደሚሆን ገና እናያለን።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ መጀመሪያ ግን ከኋላ ልጅ ያዘሉት እናት ይናገሩ፣ እጃቸውን ካነሡ ቆይተዋል።